ቼንሶ ከጋሼዎች ስትማር ሄልሜትህን አታውልቅ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ ሲጥሉ ያረጁ ጋሼዎች አሉ። በመጥረቢያ ጀምረው ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) ላይ የደረሱ ናቸው። ዛፍ ማንበብ ከእነሱ ተማር። አለባበሳቸውን ግን ተወው።

መጀመሪያ ሞተሩን አትንካ። ጋሼ ዛፉን ሲዞሩት አብረህ ዙር። ወዴት እንዳዘመመ፣ ቅርንጫፉ በየት በኩል እንደከበደ፣ ንፋሱ ከየት እንደሆነ ጠይቃቸው። መሸሻህን ቀድመህ መንጥር። ሽሽቱ ወደ ኋላና ወደ ጎን ነው። ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ ከሄድክ ግንዱ ተንሸራቶ ያገኝሃል።

በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል ገብተህ አፍ (የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁርጥ) ክፈት። ከጀርባ ስትቆርጥ ከአፉ ወለል ትንሽ ከፍ በል። በአፉና በጀርባው ቁርጥ መሃል ከውፍረቱ አንድ አሥረኛው ሳይቆረጥ ይቅር፤ ለ30 ሴንቲሜትር ግንድ 3 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። አወዳደቁን የሚመራው እሱ ነው። በባሩ (ሰንሰለቱ በሚዞርበት ረጅም ብረት) ጫፍ የላይኛው ክፍል ደግሞ እንጨት አትንካ፤ መጋዙ ወደ ፊትህ ይስፈነጠራል። ጋሼ “ጉቶውን ዝቅ አድርገው” ካሉህ እሺ በል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሄልሜት ስታደርግ ይስቁብሃል። “ጦር ሜዳ ልትሄድ ነው እንዴ?” አትከራከር፣ ዝም ብለህ ሥራ። አንዱን ተቃውሟቸውን ግን ከልብ ስማው፦ ጆሮህን ከደፈንክ ዛፉ ሲሰነጠቅ አትሰማም። እውነት አላቸው። ቼንሶ ግን ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ ጋሼን ራሳቸውን ሁለቴ ካልጠራሃቸው አይሰሙህም። ስለዚህ ጆሮህን ሸፍነህ በዓይንህ ሥራ። ከጀርባ የቆረጥከው ክፍተት መስፋት ሲጀምር መጋዙን አውጥተህ ሂድ። ከረዳትህ ጋር የእጅ ምልክት ተስማሙ፤ እሱም ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቆ ይቁም።

መከላከያ ሱሪው ቀልድ አይደለም። ውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ ላይ ተጠምጥመው ያቆሙታል። ችግሩ ዋጋው ነው። እኔ ብሆን ሱሪው እስኪገኝ መቁረጡን አቆየዋለሁ፤ እስከዚያ ሰንሰለት መሞረድ እማራለሁ። በዚህ ጋሼዎቹን የሚስተካከል የለም። ሰጋቱራው ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ ዱቄት ከሆነ ሰንሰለቱ ደንዝዟል። ሞረዱን ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፋ፤ እያንዳንዱን ጥርስ እኩል ጊዜ።