ካፕስ ሎክን ኮንትሮል ስታደርጉ እንዳትሳሳቱ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኮፒ ፔስት ስለሆነ ስራችን ግራ ትንሿ ጣቴ ማታ ማታ ስታቃጥለኝ ነው ካፕስ ሎክን ኮንትሮል ያረግኩት፣ ማለትም የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲነካ የኮንትሮልን ስራ እንዲሰራ ቀየርኩት። በጣም አርፌበታለሁ፣ ለማንም እመክራለሁ። ግን ሰው የሚሳሳተው ሁሌ አንድ ቦታ ነው።

ሌላ ሰው የሚሰራበትን ኮምፒውተር ቀይሮ ዝም ማለት! እባካችሁ ተናገሩ። እኔም አድርጌዋለሁ። ማታ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር የሚቀመጥበት) ውስጥ ስካንኮድ ማፕ የሚባለውን ቁልፍ መቀየሪያ አስገብቼ፣ ሪስታርት አርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት አዘዞ እያለሁ አብራኝ የምትሰራዋ ልጅ ደወለች፣ "ጋሼ፣ ፓስወርዱን ቀየሩት እንዴ? እምቢ አለኝ"። አልቀየርኩም። ለካ ትልቁን ፊደል የምትጽፈው ሺፍት ይዛ ሳይሆን ካፕስ ሎክ አብርታ ነው፣ ጽፋ መልሳ ታጠፋዋለች፣ ጀማሪ ብዙው እንደዚህ ነው የሚለምደው። አሁን ቁልፉ ኮንትሮል ሆኗል፣ መብራቱ አይበራም፣ ፊደሉ ትንሽ ሆኖ ይገባል፣ ፓስወርዱ ደግሞ በነጥብ ስለተሸፈነ አይታያትም። አንድ ተመራቂ መመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ፍላሹን ይዞ ቆሟል። "ሺፍት ይዘሽ ጻፊው" ስላት ወዲያው ገባ። ከዛ ወዲህ የቀየርኩት ቁልፍ ላይ ፕላስተር ለጥፌ "ኮ" እጽፍበታለሁ።

ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ከሆነ የቀየራችሁት ነገሩ ይለያል፣ እሱ የሚሰራው ዊንዶውስ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ነው፣ ፓስወርድ ስትጽፉ ቁልፉ የድሮው ነው። በአድሚን (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) የተከፈተ ፕሮግራም ላይም እሱ ራሱ በአድሚን ካልተከፈተ አይሰራም፣ ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት። ሬጂስትሪንና ፓወርቶይስን ደግሞ አንድ ላይ አትጠቀሙ፣ በኋላ የቱ እንደቀየረው ፍለጋ ቀናችሁ ያልቃል።

ግራ አልትን ለሌላ ስራ ሰጥቶ "አማርኛ መቀየሪያዬ ጠፋ" የሚል ብዙ ነው፤ ቋንቋ የሚቀይረው አልትና ሺፍት አብሮ ስለሄደ ነው፣ በሱ ፋንታ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ተጠቀሙ።

ሺፍትን አትንኩት። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ (በፎነቲክ ኪቦርድ) የምንጽፍ ሰዎች ተን ጠ፣ ነን ኘ የምናረገው በሱ ነው።

ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ ለሚያቅተው ሰው ደግሞ መቀየሩ ብቻውን አይጠቅመውም፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት ናቸው ይሄን ያስተማሩኝ። ሺፍትን 5 ጊዜ ሲመቱት ዊንዶውስ ስቲኪ ኪይስ (ቁልፎችን አንድ በአንድ ለመንካት የሚያስችል) ልክፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ በሉት። ኮንትሮልን ነክተው ለቀው፣ ቀስ ብለው የሲን (C) ቁልፍ ሲነኩ ኮፒ ያደርግላቸዋል።