ማሳው ድንጋይ "ሲያበቅል"፦ አፈሩ በየት በኩል እንደሄደ መለየት

"መሬቱ ድንጋይ አበቀለ" እንላለን። አላበቀለም። ድንጋዩ ድሮም እዚያው ነበር፤ የሄደው የሸፈነው አፈር ነው። ይሄ ምልክት ካለና አፈሩ ከማሳው ግርጌ ከተከማቸ፣ ቦይ ባይታይም፣ ውሃ ማሳውን በስሱ እየላጠው ነው። ከ1 ሄክታር 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢነሳ 10 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው። የሚጀምረው ከዝናቡ ጠብታ ነው፤ ጠብታው የተራቆተ አፈር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቱን ይበትናል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ከዚያ ውሃው መስረግ ሲያቅተው ይፈሳል። የጤፍ ማሳ ደግሞ ተደጋግሞ ታርሶ፣ ልሞ፣ ባዶውን የሚሆነው ልክ በሐምሌ ነው። ስለዚህ እርከን ያስፈልገዋል። ከአጨዳ የቀረውንም አገዳ ሁሉንም ለከብት አትልቀቁት።

ድንጋዩ ወጥቶ አፈሩ ከማሳው ግርጌ ካልተከማቸ፣ ይልቅ አጥር ስርና ቁጥቋጦ ጀርባ አሸዋ ከተቆለለ፣ ወሳጁ ነፋስ ነው። በስምጥ ሸለቆ አሸዋማ መሬቶች ላይ ይሄ ይበዛል። አሸዋው የሚሄደው መሬት ለመሬት እየዘለለ ስለሆነ ቆሞ የቀረ አገዳ ብቻውን ብዙ ይይዛል። ዛፍም በነፋሱ አቅጣጫ ላይ አግድም ትከሉ፣ ግን እንደ ግድግዳ አይጠጋጋ፤ ትንሽ ነፋስ ማሳለፍ አለበት።

ከዝናብ በኋላ ጣት የሚያህሉ ቦዮች ቁልቁል ከተሰመሩ ትልሙን ወይም ፈሰሱን (ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቦዩን) እዩ። ቁልቁል የተቀደደ ፈሰስ ለጎርፍ መንገድ መጥረግ ነው። አግድም እረሱ፣ ፈሰሱንም በትንሽ ተዳፋት ሳር ወዳለበት መውረጃ ምሩት። ደግሞ እርሻ ቦዩን ስለደፈነው ብቻ ዳነ አትበሉ፣ የሄደው አፈር አልተመለሰም።

ቦረቦር (ጎርፍ የሸረሸረው ትልቅ ገደላማ ቦይ) ላይ ግን ብዙ ጉልበት ሲባክን አያለሁ፣ በጣምም ያሳዝነኛል። ሰው ተሰብስቦ ቦረቦሩ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ይደረድራል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ምክንያቱም ቦረቦሩ የሚያድገው ከላይኛው ጫፉ ወደ ላይ ነው፤ ውሃው እንደ ፏፏቴ ሲወርድ ስሩን ይቦረቡርና ከላይ ያለው ይናዳል፣ በተለይ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ስለሚበላው ናዳው ይብሳል።

እና ከላይ ጀምሩ። መጀመሪያ ተዳፋቱ ላይ እርከን፣ ቀጥሎ ከጫፉ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ። ከዚያ የጫፉን ገደል አስተኙት። ክትር (ቦረቦሩን አግድም የሚዘጋ አጭር ግድብ) መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፦ መሃሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፣ ሁለት ጫፉ የቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍሮ ይግባ፣ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን። ደለል ሲይዝ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሳር ትከሉበት፤ ከብት ከገባ ግን ሳሩ አይዝም፣ ስለዚህ አጭዶ መውሰድ ላይ ከጎረቤት ጋር ቀድሞ መስማማት ግድ ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ሄዳችሁ እዩት። ውሃው ክትሩን በጎን ዞሮ ካለፈ ያኔውኑ ጫፉን አስረዝሙ፤ ሳምንት ካለፈ ሌላ ቦረቦር ከፍቷል።