በአዲስ አበባ ግቢ የጓሮ አትክልትና ፍራፍሬ አተካከል

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው አትክልት ለመትከል ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የሰኔን ዝናብ ነው። ለጤፍና ለገብስ የሚሠራው ይህ ስሌት ለጓሮ አትክልት እምብዛም አይሆንም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬቱ ውሃ ይቋጥራል፣ ፀሐይ ለቀናት ሳትታይ ትቀራለች፣ የቲማቲምንና የድንችን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታም የሚስፋፋው በዚሁ እርጥበት ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ ሃያ የቲማቲም ችግኝ ተክዬ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ሁሉንም እሳት እንደ ለበለበው ቅጠል ጠቁረው ነቅያቸዋለሁ። የከተማው ጓሮ ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ግንቦት መሆኑን፣ ክረምቱ ደግሞ በአመዛኙ የመዘጋጃ ጊዜ መሆኑን ቀድሞ ያወቀ ሰው ከዚህ ዓይነቱ ድካም ይድናል።

መደቡ የሚሠራበት ቦታ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ማግኘት ይኖርበታል። ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው በክረምት ዓይቶ ነው፤ ነገር ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ 2 ሜትር ቁመት ያለው የግንብ አጥር ታኅሣሥ ላይ በቀትር እንኳ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ስለሆነም ከአጥሩ በስተሰሜን ግንቡን ተጠግቶ የተሠራ መደብ በዋናው ወቅት ብርሃን ያጣል፣ ከግንቡ በስተደቡብ ያለው ግን ብርሃኑንም ግንቡ ቀን የሰበሰበውን ሙቀትም ያገኛል። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ከ20 መብለጥ የለበትም፤ ምክንያቱም ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ድረስ መድረስ አለበት፣ አንዴ ተቆፍሮ የለሰለሰ አፈር ደግሞ መረገጥ የለበትም። ለጀማሪ 3 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መደብ ከበቂ በላይ ነው።

የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ ርጥብ ሳለ አንድ እፍኝ ጨብጦ ማየት ይበቃል። በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ መልካም ነው፤ እንደ ጭቃ ተድቦልቡሎ የጣት አሻራ የሚይዝና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን፣ በቦሌና በአቃቂ በኩል እንደሚገኘው ያለ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ መጥፎ አፈር አይደለም፣ ውሃ ግን አያሳልፍም፤ በመሆኑም መደቡን ከመሬቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ብስባሽ በብዛት ማቀላቀል ያስፈልጋል። አሸዋ ጨምሩበት የሚሉ አሉ፤ ጥቂት አሸዋ ከመረሬ ጋር ሲደርቅ እንደ ሸክላ ስለሚጠነክር እኔ አልመክረውም።

ብስባሹን ሰኔ ላይ የጀመረ ሰው ጥቅምት ላይ ይደርስለታል። ርዝመቱም ስፋቱም ከፍታውም 1 ሜትር ያህል የሆነ ክምር ጥሩ ሙቀት ይይዛል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላና የታጨደ ሣር ከደረቅ ቅጠልና ከጤፍ ጭድ ጋር እየተነባበረ ይከመራል፤ በዓል ባለፈ ማግስት ከሳሎን የሚጠረገው ቄጤማ በአብዛኛው ቤት ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይጣላል እንጂ ቦታው እዚህ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ቶሎ ስለማይበሰብስና ለሌላ ተክል ስለማይስማማ አይገባም። ክምሩ በዝናብ እንዳይታጠብ በላስቲክ ይሸፈናል፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱም ይገለበጣል። ያልበሰበሰ ፍግ በቀጥታ መደብ ላይ ማድረግ የችግኝ ሥር ያቃጥላል፤ እንደ ሰላጣ ባሉ ጥሬ በሚበሉ ቅጠሎች ላይ ደግሞ የሆድ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ከቶ አይደረግም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተክል ሰው ከቆስጣና ከሀበሻ ጎመን ቢጀምር ይሻለዋል። ሁለቱም ብርድ ይችላሉ፣ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለድስት ይደርሳሉ፣ የውጭውን ቅጠል ብቻ እየቀጠፉ መሃሉን ለተዉት ሰውም ለወራት ምግብ ይሆናሉ። ነጭ ሽንኩርት ከዚህ ሁሉ በተለየ በሰኔ ዝናብ መጀመሪያ ተተክሎ በጥቅምትና በኅዳር የሚነቀል በመሆኑ፣ ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ መደብ ካለ ክረምቱ ባዶውን አያልፍም። ቲማቲምን በሚመለከት፣ ታኅሣሥ ላይ ዘርን በሣጥን አፍልቶ ከብርድ በተጠለለ ቦታ ማሳደግና የጥር ውርጭ ካለፈ በኋላ ወደ መደብ ማዛወር ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ፍሬ ለመሰብሰብ ያስችላል።

ካሮት ችግኝ ሆኖ ከተዛወረ ሥሩ ስለሚጣመም ዘሩ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል። ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ይነሰነሳል። ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በእነዚያ ቀናት የላዩ አፈር ፈጽሞ መድረቅ የለበትም፤ ርጥብ ጆንያ አልብሶ ቡቃያው ብቅ ሲል ማንሣት ጥሩ ዘዴ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ማሳሳት አንጀት የሚፈልግ ሥራ ነው፦ በቡቃያዎቹ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ሌላው ይነቀላል። በማሳሳቱ የማይጨክን ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው እንደ እርሳስ የቀጠነ ካሮት ነው።

የጎመንና የቆስጣ ችግኝ የሚዛወረው ከአራት እስከ አምስት ቅጠል ሲያወጣ ሲሆን፣ ሰዓቱም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲያ መሆን አለበት። የችግኙ መደብ ከመዛወሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ በደንብ ውሃ ይጠጣል፤ ችግኙም በግንዱ ሳይሆን በቅጠሉ ተይዞ ከነአፈሩ በማንኪያ ይነሣል፤ ምክንያቱም የተቀጠፈ ቅጠል ይተካል፣ የተሰበረ ግንድ ግን አይተካም። ጉድጓዱ ውስጥ ሥሩ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ አፈሩም በሁለት ጣት ጠበቅ ተደርጎ ይጫናል፤ አንዱን ቅጠል ቀስ ብሎ ሲስቡት ችግኙ ተከትሎ ካልወጣ አተካከሉ ትክክል ነው። ጠዋት ላይ ችግኙ ከአፈሩ ወለል ላይ ተቆርጦ ወድቆ ከተገኘ ጥፋተኛው ቆራጭ ትል ነው፤ ዙሪያውን 3 ሳንቲ ሜትር ቢቆፈር ተጠቅልሎ የተኛው ትል ይገኛል። ታችና ላዩ የተቆረጠ የወረቀት ኩባያ በግንዱ ዙሪያ አፈር ውስጥ መቅበር ሌሎቹን ያድናል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ትልቁ ፈተና ማጠጣት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት መደብ በበጋ በየሁለት ቀኑ አንድ ጀሪካን ተኩል፣ ማለትም 30 ሊትር ግድም ይፈልጋል፤ አፈሩ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ከለበሰ ግን ይህ መጠን በግልጽ ይቀንሳል። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ መደቡን ለማጠጣት ያለ ስጋት ይሆናል፣ ብዙ ሳሙና ያለበት የልብስ እጣቢ ግን ለቅጠላ ቅጠል አይሆንም። ተክሉ የሚጠጣው በማለዳ፣ ከሥር እንጂ በቅጠሉ ላይ አይደለም። በጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ከታየ ደግሞ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ የቅጠሉን ጀርባ መርጨትና በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ በአብዛኛው ይበቃል።

ፍራፍሬ የተለየ ሂሳብ አለው፤ ሰኔና ሐምሌ የሚያስፈልጉት ለእርሱ ነው። ለአዲስ አበባ ብርድ ኮክ፣ ካዝሚርና አቮካዶ ይስማማሉ፣ ማንጎና ፓፓያ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤታቸውን ያሳዝናሉ። ፖም ቅዝቃዜ የሚሻ ዛፍ በመሆኑ በጋሞ ደጋ በጨንቻ ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ ከከተማው ከፍ ባሉ ሰፈሮች ሊሞከር ይችላል። አቮካዶ ከፍሬው ከተተከለ ለማፍራት ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ የተቀጠለለት፣ በገበያ ‹የተዳቀለ› የሚባለው ችግኝ ይገዛል፤ ይህ በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይጀምራል። ጉድጓዱ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲቆፈር የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጣል፣ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎም ወደ ሥሩ ይመለሳል። ችግኙ የተቀጠለበት እብጠት ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ በመረሬ ላይም አቮካዶ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ስለሚበሰብስ በጉብታ ላይ ይተከላል። ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር ቢርቅ ይመረጣል። ኮክ ላይ የሚታየው ትል የሚመጣው ፍሬው ላይ እንቁላሏን ከምትጥል ዝንብ በመሆኑ፣ የወደቀው ፍሬ በየቀኑ ተለቅሞ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቀበራል እንጂ ወደ ብስባሹ ክምር አይጣልም።