ጎንደር ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ መማር ለምትፈልጉ

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማለት ባለ ቀለም ፎቶ አንስቶ ቀለሙን ማጥፋት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዛ ሲደረግ ግን አብዛኛው ፎቶ ድብዝዝ ብሎ ይቀራል። ቀይ ጃንጥላና አረንጓዴ ዛፍ ለዓይናችን በጣም ይለያያሉ፤ ቀለሙ ሲወጣ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቀለሙን እርሱት። የቱ ጋ በራ፣ የቱ ጋ ጠቆረ፣ እሱን ብቻ እዩ።

ዓይን እስኪለምድ ሞባይሉን ወይም ካሜራውን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጉትና ቀኑን ሙሉ አትንኩት። ካሜራ ያላችሁ በሮው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንሱ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ቀለሙ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ሰማያዊውን ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ሰማዩን ለማጥቆር ይጠቅማችኋል። በፊልም የሚያነሱ ሰዎች ይህንኑ የሚሠሩት ሌንሱ ላይ ቀይ ፊልተር በማድረግ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ የጎንደር ሰማይ ለዚህ ልክ ነው። ብቻ አታብዙት፤ ሲበዛ የግንቡ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል።

ፋሲል ግቢን በቀትር አታንሱ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግድግዳው ልሙጥ መስሎ ይታያል። ጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ እያንዳንዱ ድንጋይ ትንሽ ጥላ ይጥላል፣ ሻካራነቱ በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ለመጀመሪያ ልምምድ ክብ ክቦቹን ማማዎች ምረጡ። በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላው ጥቁር፣ መሀል ላይ ግራጫው ቀስ እያለ ሲቀየር እዚያው ታዩታላችሁ።

አሁን ዋናው ፈተና፣ ነጠላ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ነው የሚሞክረው። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ እናቶችን ብታነሱ ያ ሁሉ ነጭ አመድ ይመስላል። ካሜራ ላይ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚበራበትን መጠን፣ ወደ +1 ገፋ አድርጉት። ሞባይል ላይ ደግሞ ነጠላውን ነካ አድርጉና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ሳቧት። ከዚያ አጉልታችሁ እዩ፦ የሽመናው ክር ከጠፋ አብዝታችኋል፣ ትንሽ መልሱት። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ከሆነ ተቃራኒውን፣ ወደ -1። ፊት በነጠላው መሀል እንዳይጨልም ሰውየውን ከፀሐይ አውጥታችሁ ደጃፍ ጥላ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አድርጋችሁ አቁሙት። መጀመሪያ ግን "እናቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ማለት አይቀርም፤ እምቢ ካሉ በቃ።

ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ጋ ዘለው የሚገቡትን ወጣቶች ለማንሳት ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉ። ፀሐይዋ ከውሃው ጀርባ በኩል ብትሆንና ከኋላ የዛፍ ጥላ ቢኖር ጠብታው ጥቁሩ ላይ ቦግ ይላል። ግፊያው ስላለ ቦታ ለመያዝ በጊዜ ሂዱ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጥቁርና ነጩን ተዉት። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች በቀለማቸው ነው የሚያምሩት። ፍላሽም አጥፉ።