ዓይን ይጠቁም፣ ድምፅ ይዘዝ፦ ኮምፒውተሩ አልታዘዝ ሲል

አጎቴ እጃቸው ከከዳቸው ወዲህ ኮምፒውተር የሚሠሩት በዓይናቸውና በድምፃቸው ነው። ስክሪኑ ሥር የዓይን መከታተያ አለ፣ አፋቸው አጠገብ ማይክ። ብልሽት ሲመስለን የነበረው አብዛኛው ነገር የሁለቱ ሥራ መደበላለቅ ሆኖ አገኘሁት። «የቱ?» የሚለውን ዓይን ይመልስ፣ «ምን ይሁን?» የሚለውን ድምፅ።

ያየሁት ሁሉ ይከፈታል

ትክ ብሎ በማየት መጫን በርቷል ማለት ነው። ዓይን አንድ ቦታ ግማሽ ወይም አንድ ሰከንድ ከቆየ እንደ ክሊክ ይቆጠራል፤ ሰው ግን ሲያነብም ትክ ብሎ ያያል። ተመራማሪው ሮበርት ጃኮብ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ችግር የነካው ሁሉ ወርቅ በሚሆንበት በንጉሥ ሚዳስ ስም ጠርቶታል። የቆይታውን ጊዜ ማስረዘም ዓይን ያደክማል። በማየት መጫኑን አጥፉትና ክሊኩን ለድምፅ ስጡት።

ትእዛዙ ተሰምቷል፣ የተከፈተው ግን ሌላ ነው

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ከጋሼ ጎን ተቀምጬ ዓይናቸውን ብቻ ተከታተልኩ። ፋይሉን አዩ፣ «ክሊክ» ማለት ጀመሩ፣ ቃሉ ሳያልቅ ዓይናቸው ቀጣዩ ፋይል ላይ ነበር። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የማንም ሰው ዓይን ከአፉ ይቀድማል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቃሉን ለይቶ እስኪያውቅ ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በዚያ መሃል ጠቋሚው ሄዷል።

መፍትሔው ትእዛዙን አጭር ማድረግና ክሊኩ እስኪፈጸም ዓይንን አለማንሳት ነው። ነገሮቹ ከተጠጋጉ በዊንዶውስ 11 የድምፅ ማዘዣ፣ በቮይስ አክሰስ፣ «ሾው ነምበርስ» በሉ፤ በየአዝራሩ ላይ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩን መጥራት ነው። ፕሮግራም የምትጽፉ ደግሞ የዓይኑን ቦታ ከነሰዓቱ ለጥቂት ሰከንዶች አስቀምጡ፤ ክሊኩ ማረፍ ያለበት ቃሉ ሲጀመር ዓይኑ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ጠቋሚው ካየሁት ጎን ያርፋል

እኛ ቤት ከሰዓት በኋላ ደህና ሠርቶ ጠዋት ጠዋት ይስት ነበር። መከታተያው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ዓይን እየላከ፣ ከኮርኒያ (ከዓይን ፊት ካለው ግልጽ ሽፋን) የሚመለሰውን ነጸብራቅ ከብሌኑ መሃል ጋር ያነጻጽራል። የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ አለበት፤ የእኛ መስኮት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው። ወፍራም መጋረጃ ጨረሰው።

መነጽርም ብርሃን ይመልሳል፤ ስክሪኑን ትንሽ አዘንብሉት። ወንበሩ ወይም ትራሱ ከተቀየረ ካሊብሬሽኑን (መከታተያውን ከዓይን ጋር ማስተካከሉን) ድገሙ። ያም ሆኖ ትንሽ ስህተት ይቀራል፦ ከስክሪኑ በ60 ሴንቲሜትር ርቀት የዓይን አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ ተሳሳተ ማለት ጠቋሚው በአንድ ሴንቲሜትር ገደማ ሳተ ማለት ነው። ስለዚህ ማሳያውን ወደ 150 በመቶ አሳድጉ።

የምናገረውን አይሰማም፣ ያልተናገርኩትን ይጽፋል

ቮይስ አክሰስ እስካሁን የአማርኛ ትእዛዝ አይቀበልም። እኛ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ፣ ጽሑፉን በአማርኛ አድርገናል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ አስገብቷል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ካዳመጡ ግን ይጋጫሉ። ጋሼ አማርኛ ሊጽፉ ሲሉ መጀመሪያ «ቮይስ አክሰስ ስሊፕ» ይላሉ፣ ሲጨርሱ «ቮይስ አክሰስ ዌክ አፕ»። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ግን የአማርኛውንም ማይክ አጥፉ፤ አለዚያ የቤቱ ወሬ በሙሉ ደብዳቤው ውስጥ ይገባል።