የማታውቁት ወንዝ ላይ በመኸር ትራውት ለማጥመድ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

አዲስ ወንዝ ላይ ትራውት ልታጠምዱ ስትነሱ ከዓሣው በላይ የሚያስቸግራችሁ የወንዙ ርዝመት ነው። መቶ ኪሎሜትር ውሃ ተዘርግቶ፣ በእጃችሁ ያለው ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ፣ የት እንደምትቆሙ ሳትወስኑ ከሄዳችሁ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ዝግጅታችሁ በሙሉ ያንን ረጅም ወንዝ ወደ አንድና ሁለት ኪሎሜትር ለማሳጠር ይሁን።

መኸር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቅጠል የሚረግፍበት ይህ ወቅት በሰሜኑ የምድር ክፍል ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፣ በደቡቡ ከማርች እስከ ሜይ ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚወድ ዓሣ ስለሆነ ሙቀቱ ሲበርድለት ይነቃቃል፣ ለሚመጣው ብርድም አጥብቆ ይበላል። ግን በዚያው ሰሞን ቡናማ ትራውት የሚባለው ዝርያ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ይደርሳል። የሚበላውን ዓሣ ፈልጋችሁ እንቁላል የሚጥለውን መተው አለባችሁ፤ የቦታ ምርጫችሁም ሰዓታችሁም በዚህ ይወሰናል።

ደንቡን ቀድማችሁ ጨርሱ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ደንብ አንብቡ። ብዙ የትራውት ወንዞች ዓሣው በሰላም እንቁላሉን እንዲጥል ተብሎ በመኸር ይዘጋሉ። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው የቡናማ ትራውት ወንዝ ሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። ኒውዚላንድ ውስጥ ብዙ ወንዞች ኤፕሪል 30 ላይ ያበቃላቸዋል። አንድ ወንዝ ራሱም ሊከፋፈል ይችላል። ከድልድዩ በታች ክፍት ሆኖ ከድልድዩ በላይ ዝግ፣ ወይም ዋናው ወንዝ ክፍት ሆኖ ገባሮቹ ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በትል ማጥመድ የሚፈቀድበትና በሰው ሠራሽ ማታለያ ብቻ የሚፈቀድበት ቦታም አንዳንዴ ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ የአገሩን ጠቅላላ ደንብ ማንበብ አይበቃም። የወንዙን ስም ፈልጉና ልዩ ደንቡን መስመር በመስመር አንብቡት፣ የዘንድሮው መሆኑንም አረጋግጡ።

ፈቃድ መያዝ ማለት ደግሞ የፈለጋችሁበት ዳር መቆም ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ግዛቶችን ብቻ እንይ። ሞንታና እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከሕዝብ መግቢያ ገብታችሁ ከከፍተኛው የውሃ መስመር እስካልወጣችሁ ድረስ፣ ወንዙ በግል መሬት መካከል ቢያልፍም ማጥመድ ትችላላችሁ። ዋዮሚንግ ስትገቡ ግን በግል መሬት የሚያልፍ ወንዝ ወለሉ የባለ መሬቱ ነው፤ በጀልባ ተንሳፋችሁ ብታልፉ ችግር የለም፣ ሳታስፈቅዱ እግራችሁን ወለሉ ላይ ማሳረፍ ግን አትችሉም። የምትሄዱበት አገር ሕግ የትኛውን እንደሚመስል ሳታውቁ ቦት ጫማ አታጥልቁ።

ካርታው ላይ ወንዙን አሳጥሩት

አሁን የሳተላይት ምስል ክፈቱና ወንዙን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ ተከተሉት። ነጣ ብሎ የሚታየው ውሃ ጠጠርና ድንጋይ ላይ እየተንፎለፎለ የሚወርድ ጥልቀት የሌለው ቦታ ነው። ጠቆር ያለው ብዙ ጊዜ ጥልቅ ነው። ወንዙ ሲታጠፍ በውጪው በኩል ውሃው ዳሩን ቦርቡሮ ጥልቅ ያደርገዋል፣ በውስጡ በኩል ጠጠር ይከምራል። ነጩ፣ ጥቁሩና መታጠፊያው እየተፈራረቁ የሚመጡበትን ክፍል ምረጡ፤ እዚያ ዓሣው የሚበላበትም የሚደበቅበትም ቦታ ተቀራርቦ ይገኛል። ቀጥ ያለና አንድ ዓይነት የሆነውን ውሃ ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ከዚያ መኪና የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ፣ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድም ጨምሩበት። ከመኪናቸው ርቀው የሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ዓሣውም እዚያ ብዙ አልተረበሸም።

በመኸር እኔ የወንዙን መካከለኛ ክፍል እመርጣለሁ። ራስጌውና ትንንሾቹ ገባሮች ቡናማ ትራውት እንቁላል ሊጥል የሚወጣባቸው ቦታዎች ስለሆኑ፣ ክፍት ቢሆኑ እንኳ ባልሄድባቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ሳይሆን ሁለት ቦታ ምረጡ፣ ሁለቱም በጠባይ ይለያዩ። ዝናብ ሲዘንብ ትልቁ የታችኛው ወንዝ ደፍርሶ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የላይኛው ትንሽ ውሃ ግን ፈጥኖ ይጠራል። ከግድብ በታች ያለ ውሃም ጥሩ መጠባበቂያ ነው፣ ምክንያቱም ግድቡ ጭቃውን ያስቀራል፣ ከሥሩ የሚለቀቀው ውሃም ሙቀቱ ብዙ አይዋዥቅም። ብቻ እዚያ ስትሄዱ ውሃ የሚለቀቅበትን ሰዓት ቀድማችሁ እወቁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላባችሁ ይችላል።

ከቤት ሳትወጡ ውሃውን ተከታተሉ

ብዙ ሰው የአየር ትንበያ አይቶ ይሄዳል። ትንበያው ዝናብ ይመጣል ወይ ለሚለው ይመልሳል እንጂ ወንዙ አሁን ምን ላይ እንዳለ አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ የውሃ መለኪያ ጣቢያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዩኤስጂኤስ የሚባለው መንግሥታዊ የጂኦሎጂ ተቋም፣ እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የወንዞችን ልኬት በየዕለቱ በኢንተርኔት ያወጣሉ። ሌሎች ብዙ አገሮችም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው።

ልኬቱ የውሃውን ከፍታ ወይም በሴኮንድ የሚያልፈውን መጠን ያሳያል። በአሜሪካ መጠኑ በኪዩቢክ ጫማ ነው፤ 35 ኪዩቢክ ጫማ ከአንድ ኪዩቢክ ሜትር ጋር ተቀራራቢ ነው። ወንዙን ስለማታውቁት ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። አንድ ወንዝ ላይ ጎርፍ የሚባለው መጠን ሌላው ላይ ድርቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ እዩ፦ የዛሬው መጠን በዚህ ሰሞን ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር የት ላይ እንዳለ፣ እና ባለፉት ጥቂት ቀናት እየወጣ ወይስ እየወረደ እንደሆነ። ከመሄዳችሁ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ በየቀኑ ብታዩት የወንዙ ባሕርይ ይገባችኋል። ዝናብ ከዘነበ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚሞላ፣ ለመጉደልም ምን ያህል እንደሚፈጅበት ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የሚመረጠው ከዝናብ በኋላ እየጎደለና እየጠራ ያለ ውሃ ነው። ትንሽ ቀለም ሲኖረው ዓሣው አይጠራጠርም፣ ጎርፉ ያመጣው ምግብም ገና አላለቀም። እየሞላና እየደፈረሰ ያለ ውሃ ካያችሁ ወደ ሁለተኛው ቦታችሁ ዙሩ። ከዝናብ በፊት ያለው የመኸር መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ነው፤ ውሃው ትንሽና እንደ መስታወት የጠራ ይሆናል፣ ዓሣው በሩቅ ያያችኋል፣ ቀስ ብሎ መራመድና ቀጭን ክር መጠቀም ግድ ይላል።

ሙቀቱ ሰዓታችሁን ይወስናል

ትንሽ ቴርሞሜትር ያዙ፤ ከምትይዙት ዕቃ ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቅም ያለው ጥቂት ነው። ትራውት በደንብ የሚበላው ውሃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይዘገያል፣ ከቦታውም ብዙ አይንቀሳቀስም። ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ አታጥምዱ፤ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ ታግሎ የደከመ ዓሣ ብትለቁትም ሊሞት ይችላል። በመኸር መጀመሪያ ይህ ያጋጥማል፣ እንዳያዘናጋችሁ።

በሞቃት ወራት ጎህ ሲቀድ ወንዝ ዳር መገኘት ነበረባችሁ። መኸሩ ሲገፋ ነገሩ ይገለበጣል። ሌሊቱ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው ዓሣው ጠዋት ይደነዝዛል፣ ፀሐይ አንድና ሁለት ዲግሪ ስትጨምርለት ይነቃል። እና ተረጋግታችሁ ቁርሳችሁን ብሉ። ጥሩው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ አጋማሽ ነው። ቀኑ አጭር ስለሆነ ያቺ ሰዓት መንገድ ፍለጋ ላይ እንዳታልቅባችሁ!

ምን ትይዛላችሁ?

ዕቃ አታብዙ። በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ፣ የምታጠምዱ ከሆነ የመጀመሪያው ውርጭ እስኪመጣ ፌንጣና ጉንዳን የሚመስሉት ይሠራሉ፣ ምክንያቱም ከዳር ሣር ላይ እየወደቁ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ከውርጩ በኋላ ዋናው ምግብ ትንንሽ ይሆናል። ዳመና ባለበትና በሚያካፋበት ቀን ሜይፍላይ ከሚባሉት ነፍሳት ጥቃቅኖቹ፣ ወይራማ ቀለም ያላቸው፣ ውሃው ላይ ይወጣሉ፤ ለእነሱ ከ18 እስከ 22 ቁጥር መንጠቆ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ። ትልልቆቹ ቡናማ ትራውቶች ደግሞ በዚህ ወቅት ጠበኞች ስለሚሆኑ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማታለያ ያሳድዳሉ። በተራ ዘንግና በሚሽከረከር የብረት ማታለያ ለምታጠምዱ ከ2 እስከ 5 ግራም ያለው ይበቃል።

ለትንንሾቹ ዝንቦች 0.12 ወይም 0.15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክር፣ ለትልልቁ ማታለያ ከ0.20 ያላነሰ ያዙ። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት፣ ስትለቁት ዓሣው አይቀደድም። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር ካልያዛችሁ የወንዙን ግማሽ አታዩትም።

ስትደርሱ ዘንጉን አትገጥሙ

ይህን ማክበር ከባድ ነው፣ እጅ ያሳክካል። ግን መጀመሪያ የመረጣችሁትን ክፍል ከዳር ሆናችሁ እስከ መጨረሻው በእግር ሂዱት። ሙቀቱን ለኩ፣ ድንጋይ አንስታችሁ ሥሩ ምን ዓይነት ነፍሳት እንዳለ እዩ። የረገፈው ቅጠል ሁሉ መንጠቆ ላይ እየተሰካ ያማርራል፣ ነገር ግን ትልቅ ጥቅም አለው፦ ቅጠልና አረፋ ተሰልፈው የሚሄዱበት መስመር ወንዙ ምግቡንም የሚያጓጉዝበት መስመር ነው። ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር የሚገናኝበትን ያ ሰልፍ ያሳያችኋል። ዓሣው በዝግተኛው በኩል ጉልበቱን ቆጥቦ ቆሞ ከፈጣኑ ላይ ይለቅማል። ማታለያችሁን ከቅጠሉ ሰልፍ ዳር እንጂ መሐሉ ላይ አትጣሉት።

ፀሐይ በመኸር ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ጥላችሁ ረጅም ነው። ከኋላችሁ ከሆነች ከእናንተ በፊት ጥላችሁ ውሃው ላይ ይደርስና ዓሣውን ይበትነዋል። ከታች ወደ ላይ እየወጣችሁ አጥምዱ። ትራውት ፊቱን ወንዙ ወደሚመጣበት አዙሮ ስለሚቆም በኋላው ትቀርቡታላችሁ።

የእንቁላሉን ቦታ ለይታችሁ እወቁ

እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሴቷ ትራውት በጅራቷ ጠጠሩን እየመታች ጉድጓድ ትቆፍርና እንቁላሏን ጥላ በጠጠር ትሸፍነዋለች። ከሩቅ ሲታይ ዙሪያው ጠቆር ብሎ መሐሉ የታጠበ የሚመስል፣ ነጣ ያለ ሞላላ ጠጠር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥልቁ ቦታ አልቆ ውሃው ወደ ጠጠሩ ሊወርድ ሲል፣ እንዲሁም ገባሮች ውስጥ ነው። እንቁላሉ ብርዱን እዚያው ጠጠር ሥር ስለሚያሳልፍ አንድ የሰው እግር ብዙ ሊያጠፋ ይችላል። ዓሣው ሄዷል ብላችሁም አትርገጡት።

እዚያ ላይ ጥንድ ዓሣ ካያችሁ ተመልከቱና እለፉ። መያዙ ቀላል ነው፣ ዓይናችሁ ሥር ቆሟል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ካያችሁት ሁሉ ይበልጣል። የሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣ ግን ከዚያ ነው የሚመጣው። ውሃ ውስጥ መሻገር ካለባችሁ ጭቃ ወይም ትልልቅ ድንጋይ ባለበት በኩል ተሻገሩ። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ሌላው ዝርያ በአብዛኛው የሚራባው ብርዱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ወንዙ ሁለቱም ካሉት እሱ ላይ ማተኮር ጥሩ ምርጫ ነው።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ

የረጠበ ቅጠል ድንጋይ ላይ ተኝቶ በጣም ያንሸራትታል። ዱላ ያዙ። ውሃ የማያስገባውን ረጅም ሱሪ ከለበሳችሁ ወገቡ ላይ ቀበቶ አጥብቁ፣ ብትወድቁ ውሃ ቶሎ አይሞላበትም። ውሃው ፈጣን ሆኖ ጭናችሁን ካለፈ ተመለሱ። ሙሉ ቅያሪ ልብስ መኪና ውስጥ ይኑር፣ የት እንደምትሆኑና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። በብዙ አገር መኸር የአደን ወቅትም ስለሆነ በጫካ ስታልፉ ብርቱካናማ ነገር ልበሱ፣ ውሃው ጋ ስትደርሱ አውልቁት።

ወደ ሁለተኛው ወንዝ ስትሻገሩ ደግሞ ጫማችሁን፣ መረባችሁንና ሱሪያችሁን ከጭቃው አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። ዲዲሞ የሚባለው የወንዝ አልጌ ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተገኘ በኋላ አገሪቱ ሱፍ መሰል ሶል ያላቸውን የዓሣ አጥማጅ ጫማዎች እስከመከልከል ደርሳለች፣ ሶሉ ቶሎ ስለማይደርቅ አልጌውን ይዞ ይዞራል። የጎማ ሶል ካላችሁ እሱን ያዙ። በቀን ሁለት ወንዝ ለማዳረስ ካሰባችሁ ለማድረቅ ጊዜ ስለማይኖራችሁ ሁለተኛ ጥንድ ጫማና ሱሪ ያስፈልጋችኋል፤ ከሌላችሁ መጠባበቂያ ቦታችሁን ከዚያው ወንዝ ላይ ምረጡት።