ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስተው የአላስካን የበረዶ ግግር በመርከብ ለማየት

መጀመሪያ ቪዛ። የአላስካ የክሩዝ ጉዞ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የአሜሪካንም የካናዳንም ቪዛ ይጠይቃል። ከአሜሪካዋ ሲያትል ተነስቶ ሲያትል የሚመለስ ቢሆንም የካናዳው አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ በመሐል የውጭ ወደብ እንዲነካ ስለሚያስገድድ፣ ብዙዎቹ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ። የአሜሪካው ቪዛ የስንት ጊዜ መግቢያ እንደሆነ ያንብቡ። የአንድ ጊዜ ከሆነ ካናዳ ደርሶ መመለስ ችግር ሊሆን ስለሚችል ኤምባሲውን ይጠይቁ። ሁለቱም እጅዎ ሳይገቡ የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ።

የሐረጎን ዳገት ሲወጡ የሚያጥወለውልዎ ከሆነ ከካናዳዋ ቫንኩቨር የሚነሳ መርከብ ይሻላል። አብዛኛው መንገድ በደሴቶች የተከለለ ባሕር ነው፤ ከሲያትል የሚነሱት ግን ብዙ ጊዜ ክፍት ውቅያኖስ ይይዛሉ። ክፍልዎ ከመርከቡ ወገብ፣ ከታችኛው ፎቅ ይሁን። የማጥወልወል መከላከያ ክኒኑን ከመነሳትዎ በፊት ይዋጡት፤ ማስታወክ ከጀመረ ብዙም አይረዳም።

ደሴ ያደገ ሰው ብርድ አያስፈራውም፣ የአላስካው ግን እርጥብ ነው። ጋቢዎ ክፍል ይቆይ፤ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይይዝም። ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ። ሰኞ ገበያ ከሰልባጅ ሲመርጡ እጅጌው ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ። ጠብታው ተንከባሎ ከወረደ ይግዙት፣ ሰርጎ ካጠቆረው ይተዉት።

የጉዞው ወቅት ከሚያዝያ እስከ መስከረም ስለሆነ የሰኔ ጾምና ፍልሰታ ይገባሉ። ሲመዘገቡ «ቪጋን» ይበሉ፤ «ቬጀቴሪያን» ካሉ እንቁላልና ቅቤ ይመጣል። ሐላልም አስቀድሞ ይነገራል።

ወደብ ላይ የሚጎዳው ሰዓት ነው። ወደ መርከቡ የመመለሻው ሰዓት 16:30 ከተባለ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። የመርከቡ ሰዓት ከስልክዎ ሊለይ ስለሚችል የእጅ ሰዓትዎን በመርከቡ ይሙሉ። የአላስካ ከተማ ጁኖ ላይ ሜንደንሆል የተባለው የበረዶ ግግር ከወደቡ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ትንሽ ያንሳል። የመመለሻው አውቶቡስ ሰልፍ አለው፤ መሳፈሪያው ከመዘጋቱ 2 ሰዓት ቀድመው ይነሱ።

ግላሲየር ቤይ በተባለው የአላስካ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ግን ከመርከቡ ማንም አይወርድም፤ ሁሉም የሚታየው ከመርከቡ ነው። ማርጀሪ የተባለው ግግር ፊቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ከውሃው በላይም 75 ሜትር ያህል ይቆማል። መርከቡ ፊት ለፊቱ ቀስ ብሎ ስለሚዞር በሁለቱም ጎን ይታያል። ለበረንዳ ክፍል ብለው ብዙ አይጨምሩ፤ ክፍት ፎቅ ይውጡ። ስልክዎን ደረት ኪስ ይያዙት፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። በረዶው ሲገመስ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ድምፁን ሰምቶ ስለሚዞር ነው። 700 ሜትር ርቀው ከቆሙ ነጎድጓዱ የሚደርስዎ ከ2 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ያኔ ግድግዳው መውደቅ ጀምሯል። መላውን አይቃኙ። ከሩቅ አሸዋ የሚመስል ስብርባሪ የሚያራግፍ ስንጥቅ ይፈልጉ፣ ካሜራዎን እዚያው ደግነው ይጠብቁ።